ለሞዴል ጀልባ የትኛው ሞተር፣ የትኛው ጭስ? በጣና ዳር ለሚሠራ ሰው የቀረበ ንጽጽር

ሞዴል ጀልባ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ሞተሩን ቀድሞ ይገዛል፤ ጭሱን፣ ማለትም ከጭስ ማውጫው እንደ እውነተኛ ጀልባ ጭስ የሚያወጣውን ዕቃ፣ የሚያስበው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የተለጠፈውን የላይኛውን ወለል መልሶ መንቀል ይመጣል። ሞተርና ጭስ ከአንድ ባትሪ ይጠጣሉ፣ በአንድ ጠባብ ቀፎ (የጀልባዋ ሆድ) ውስጥ ቦታ ይሻማሉ፣ ከዚያም አልፎ አንዱ የሌላውን ዓይነት ይወስናል። የሞተሩ ዓይነት ጭሱ ከፍጥነቱ ጋር እንዴት እንደሚታዘዝ ይወስናል፤ የጭሱ ዓይነት ደግሞ ለሞተሩ ስንት አምፔር እንደሚተርፍለት። ስለዚህ እዚህ ሁለቱን እንደ አንድ ግዢ አያቸዋለሁ። ዋጋ አልጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንምና።

መጀመሪያ ሚዛኑ

በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጓጉዛ ባሕር ዳር የደረሰችው ጣና ነሽ 2 ርዝመቷ 38 ሜትር ነው። ብዙ ወጣቶች እርሷን መሥራት ስለሚፈልጉ እንደ ምሳሌ እንያዛት። ሃምሳ ጊዜ አሳንሰው ቢሠሯት 76 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ትልቅ ጀልባ ናት። ክብደት ግን በርዝመቱ ልክ አይቀንስም። ርዝመቱ ለሃምሳ ሲካፈል ክብደቱ ለሃምሳ ሲባዛ በሃምሳ ሲባዛ በሃምሳ ይካፈላል። በዚህ ስሌት 150 ቶን የሚመዝን ማንኛውም ጀልባ ሃምሳ ጊዜ ሲያንስ 1.2 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። አርባ ጊዜ ሲያንስ 2.3 ኪሎ፣ ሠላሳ ጊዜ ሲያንስ 5.6 ኪሎ፣ ሃያ አምስት ጊዜ ሲያንስ 9.6 ኪሎ ይሆናል።

ይህ ስሌት ብዙ ግዢ ያስቀራል። በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚገኘው የዩፒኤስ ባትሪ፣ ባለ 12 ቮልትና ባለ 7 አምፔር ሰዓት የሆነው፣ ብቻውን ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል። በ76 ሳንቲ ሜትር ጀልባ ውስጥ ከተጫነ ከውኃው በላይ የሚቀረው ጭስ ማውጫው ብቻ ነው። በሜትር ከሃያ ጀልባ ውስጥ ግን ያው ባትሪ የማረጋጊያ ክብደት ሆኖ ያገለግላል። ንድፉን ከውጭ አገር አግኝተውት ለጨው ባሕር የተሰላ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሱ፦ የጣና ውኃ ጨው የለውም፤ ጨዋማው ውኃ ግን በ2.5 በመቶ ያህል ይከብዳል። እዚህ ጀልባዋ በዚያው መጠን ትንሽ ዝቅ ትላለች።

ፍጥነትም የራሱ ስሌት አለው፤ በልኬቱ ስኩዌር ሩት ይካፈላል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ ሃምሳ ጊዜ ስታንስ በሰዓት 2.8 ኪሎ ሜትር መሄድ አለባት። ዳር ዳሩን በእግሩ የሚከተላት ሰው ቀድሟት ቆሞ ሊጠብቃት ይገባል። ከዚያ ከፈጠነች ውኃውን እየሰነጠቀች የምትሮጥ መጫወቻ ትሆናለች እንጂ የጣና ጀልባ አትመስልም። ለዚህ ዝግታ የሚያስፈልገው ኃይል ሰዎች ከሚገምቱት በጣም ያነሰ ነው፤ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ቀፎ ከ5 እስከ 15 ዋት ይበቃል። ሻጩ "ይህ 300 ዋት ነው" ብሎ ሲያሞግስልዎ አመስግነው ወደሚቀጥለው ዕቃ ይለፉ።

ሞተር

ነዳጅ የሚያቃጥሉትን ትንንሽ ሞተሮች ቶሎ ልሻገራቸው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል፣ አየር የሚተነፍሰው ሞተርም ኃይሉ በዚያው መጠን ይጎድላል። ውኃው ግን አልሳሳም፤ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ክብደት ያው ነው። በዚያ ላይ የእነዚህ ሞተሮች ነዳጅ ዘይት የተቀላቀለበት ስለሆነ በጭስ ማውጫቸው ዘይት ይተፋሉ፤ የሚተፉትም ሰው በሚጠጣውና ዓሣ በሚረባበት ሐይቅ ላይ ነው። እውነተኛ የእንፋሎት ሞተር ለሚሠራ ሰው ታላቅ አክብሮት አለኝ፤ ጭሱም ያለ ተጨማሪ ዕቃ ይመጣለታል። ሆኖም የግፊት ፍተሻ ያላለፈ ቦይለር ሕፃናት በሚሰበሰቡበት ዳርቻ ላይ መለኮስ አይቻልም፤ ስለዚህ እርሱንም እዚሁ ልተወው።

የሚቀረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ እርሱም ሁለት ወገን አለው። አንደኛው በውስጡ የካርቦን ብሩሽ ያለው የድሮው ዓይነት ሲሆን ሁለተኛው ብራሽለስ የሚባለው፣ ድሮኖችና የሪሞት አውሮፕላኖች የሚጠቀሙበት ነው።

ብሩሽ ያለው ሞተር ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ሽቦዎቹ ሲገለባበጡ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ቮልቱ ሲቀንስ ዝግ ይላል። ከሁሉም በላይ በጣም በዝግታ መነሳት ይችላል፤ ጀልባዋ ወደ ዳር ስትጠጋ በአንድ ጣት ስፋት ወደፊት፣ በአንድ ጣት ስፋት ወደ ኋላ ልትንቀሳቀስ ትችላለች። ድክመቱ ብሩሹ ማለቁ፣ ብልጭታው ሪሞቱን መረበሹና ከሚበላው ኃይል ብዙውን ወደ ሙቀት መለወጡ ነው። ለብልጭታው በሁለቱ እግሮች መካከል 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በስታኞ መበየድ የቆየ መድኃኒት ነው። ብሩሹ ማለቁ በወር ጥቂት ጊዜ ለምትወጣ ጀልባ ብዙ አያሳስብም።

ብራሽለሱ ሦስት ሽቦ አለው፣ የራሱ የፍጥነት መቆጣጠሪያም የግድ ይፈልጋል። ለተመሳሳይ ክብደት የሚሰጠው ኃይል እጅግ የበለጠ ነው፤ የባትሪ ብክነቱም ያንሳል። በላዩ ላይ "ኬቪ" ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሸክም ሳይኖርበት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ነው። ባለ 1000 ኬቪ ሞተር በ11.1 ቮልት 11,100 ዙር ይዞራል ማለት ነው። የእኛ ዝግተኛ ጀልባ በ35 ሚሊ ሜትር ፕሮፔለር ከ3,000 እስከ 6,000 ዙር ይበቃታል። በገበያ ላይ የሚበዙት ደግሞ ለድሮን የተሠሩ የ1000፣ ለአውሮፕላን የተሠሩ የ2200 ኬቪ ሞተሮች ናቸው። እነዚህን በቀጥታ ማገናኘት ጀልባዋን ማስፈንጠር ነው። ሪሞቱን ከሩብ በታች ይዞ መንዳት መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ተራ ብራሽለስ ሞተር ቦታውን የሚያሳውቅ ሴንሰር ስለሌለው በዝቅተኛ ዙር ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም በተቃራኒ አቅጣጫ ትንሽ ይዘልና ይነሳል። ለውድድር ጀልባ ይህ ምንም አይደለም። ወደ ወደብ ቀስ ብላ ለምትጠጋ ጀልባ ግን ያስጠላል። ሌላው ጥንቃቄ፦ የአውሮፕላን መቆጣጠሪያ ወደ ኋላ መንዳት አይችልም፤ ብራሽለስ ከመረጡ የመኪና ወይም የጀልባ መቆጣጠሪያ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ፍርዴን ላስቀምጥ፦ ለመንገደኛ ጀልባ፣ ለጭነት ጀልባና ለጎታች ጀልባ ብሩሽ ያለው ሞተር፤ ለፈጣን ጀልባ ብራሽለስ። ፈጣን ጀልባ የሚሠራ ሰው የጭሱን ክፍል ባያነበውም ይችላል፤ በዚያ ፍጥነት የሚታይ ጭስ የለምና።

ብሩሽ ካላቸው ውስጥ የትኛው? ሻጮች 380፣ 540፣ 550፣ 775 በሚሉ ቁጥሮች ይለዩዋቸዋል። 380 ውፍረቱ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 540ና 550 ወደ 36 ሚሊ ሜትር፣ 775 ከዚያም ይወፍራል። ፕሮፔለሩ ከሞተሩ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ከሆነ የቆየው የአሠሪዎች ልማድ የፕሮፔለሩ ስፋት ከሞተሩ ውፍረት አይብለጥ ይላል። ለ76 ሳንቲ ሜትሯ ጀልባ 380 ከበቂ በላይ ነው። 540 ለሪሞት መኪና የተሠራ ከሆነ በ7.2 ቮልት በደቂቃ ከ15,000 ዙር በላይ ስለሚዞር በጥርስ ወይም በቀበቶ ወደ ሦስተኛው እጅ ካልቀነሱት በስተቀር ውኃውን አረፋ ያደርገዋል እንጂ አይገፋም።

በአገራችን ጥሩው ሞተር ብዙ ጊዜ ከተበላሸ ዕቃ ውስጥ ይወጣል፤ ስለዚህ የኮምፒውተርና የፕሪንተር ጠጋኞችን መወዳጀት ከሱቅ ለሱቅ ከመዞር ይሻላል። የእኔ ምርጫ የፕሪንተር ሞተር ነው። ብዙዎቹ ለ24 ቮልት ገደማ የተሠሩ ስለሆኑ በ12 ቮልት ሲነዱ ግማሽ ፍጥነት ይሰጣሉ፣ ጥቂት አምፔር ይበላሉ፣ ድምፃቸውም አይሰማም። የወረቀቱን ጎማ የሚያዞረው ቀበቶና ጥርስ አብሮ ይገኛል፤ ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ አይጣሉ። በባትሪ የሚሠራ መብሻ ውስጥ ያለው ሞተር ኃይለኛ ነው፤ የራሱ ማርሽ ስላለው ዙሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ለትልቅ ጎታች ጀልባ ከ60 ሚሊ ሜትር ፕሮፔለር ጋር ይስማማል። ጩኸቱ ግን ወፎቹን ሁሉ ከቄጤማው ያስነሳል። የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ብዙ ሰው የሚያስበው ነው፤ በደቂቃ ከ45 እስከ 65 ዙር ብቻ ስለሚሄድ ለፕሮፔለር አይሆንም፣ ክብደቱም አንድ ኪሎ ይጠጋል። በጎንና ጎን ትልልቅ ጎማ ለሚያዞር የድሮ ዓይነት መርከብ ግን ከእርሱ የተሻለ አላውቅም።

የደንገል ታንኳ ሞዴል ለሚሠሩ አንድ ነገር ልበል፦ ሞተሩን ይተዉት። ታንኳ ከውኃው በላይ የሚደበቅበት ሆድ የለውም፤ ጭስ የሚያወጣ ታንኳ ደግሞ የእሳት አደጋ ምልክት ነው።

ከመለጠፍ በፊት በሳፋ መፈተን

የትኛውንም ሞተር ቢመርጡ ወለሉን ከመለጠፍዎ በፊት ጀልባዋን ውኃ በሞላ ሰፊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ያስገቡ፣ በእጅዎ ይያዟት፣ ሞተሩን እስከ መጨረሻ ይልቀቁትና በመልቲሜትር አምፔሩን ይለኩ። ሳትንቀሳቀስ የምትበላው ከምትሄድበት ጊዜ የበለጠ ስለሆነ ያ ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ሞተሩን ይንኩት፤ ጣት የማያስቆይ ከሆነ ፕሮፔለሩ ይነስ። እዚህ የሳሳው አየር ሙቀትንም በደንብ አይወስድም፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ አገር የተጻፈ መመሪያ "ይበቃል" ያለው የአየር ቀዳዳ እዚህ ላይበቃ ይችላል። ሞተሩን በሐይቅ ውኃ የሚያቀዘቅዝ ቱቦ መግጠም የሚመክሩ አሉ፤ ክረምት ላይ ጣና ደለል ስለሚይዝ ቀጭኗ ቱቦ ቶሎ ትደፈናለች። ለዝግተኛ ጀልባ አያስፈልግም።

በልኬቱ ያገኙትን አምፔር ትንሽ የሚበልጥ የመኪና ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ይግጠሙ። ይህን የምለው በእንቦጭ ምክንያት ነው። የእንቦጭ ሥር ፀጉር የመሰለ ቀጭን ስለሆነ በፕሮፔለሩና እርሱን በሚያዞረው ዘንግ በሻፍቱ መካከል ይጠመጠማል፤ የቆመ ሞተር ደግሞ ከሚዞረው ብዙ እጥፍ አምፔር ይስባል። ፊውዝ ከሌለ መጀመሪያ የሚቃጠለው መቆጣጠሪያው ነው፣ እርሱም ከዕቃዎቹ ሁሉ ውዱ ነው። በፕሮፔለሩ ዙሪያ የቀጭን ሽቦ ቀለበት መሥራት ይረዳል። ሦስት ምላስ ካለው ፕሮፔለር ይልቅ ባለ ሁለት ምላሱ ለማጽዳት ይቀላል።

ባትሪ

ምርጫው በመጀመሪያ ባየነው ሚዛን ያልቃል። ከአምስት ኪሎ በታች ለሆነ ጀልባ ከላፕቶፕ ባትሪ የሚወጡት 18650 የሚባሉ የሊትየም ሴሎች ይሻላሉ፤ አንዱ ከ50 ግራም አይበልጥም። ሁለቱ በተከታታይ 7.4፣ ሦስቱ 11.1 ቮልት ይሰጣሉ። ሞተሩ 1.5፣ ጭሱ 0.5 አምፔር ቢበሉ ባለ 2,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሴሎች አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳሉ። መከላከያ ሰርኪዩት የሌላቸውን አይጠቀሙ፣ ያበጠ ወይም የተጨማደደ ሴል አይንኩ፣ ኃይል ሲሞሉም ተኝተው አይሙሉ። ከአምስት ኪሎ በላይ ለሆነ ጀልባ የዩፒኤሱ ባትሪ ርካሽና ታጋሽ ነው፤ ሆኖም 7 አምፔር ሰዓት የሚለው ጽሑፍ በሃያ ሰዓት ቀስ ብሎ ሲወርድ የሚገኝ ስለሆነ በፍጥነት ሲበላ ያን ያህል አይሰጥም።

ጭስ

ሐቁን አስቀድሜ ልናገር፦ በሞዴል ላይ ጥቁር የናፍጣ ጭስ በሰላማዊ መንገድ ማግኘት አይቻልም። የሚገኘው ሁሉ ነጭ ወይም ግራጫ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ነጩ እንዴት ይመረታል፣ ምን ያህል ይበላል፣ ምን ያህልስ ያቃጥላል ነው።

በመጀመሪያ የማይሆኑትን ላስወግድ። ዕጣንና ከሰል ለእኛ ሰው ቀድሞ የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ ጭሱም ሽታውም ያምራል። ነገር ግን ፍም በሪሞት አይጠፋም። ጀልባዋ ከዳር ስትርቅ ወለሉ መቅለጥ ከጀመረ ከማየት በቀር ምንም አይደረግም። የወባ ትንኝ ጥቅልል፣ ርችትና የጭስ ቦምብም እዚሁ መደብ ውስጥ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሌላም ጣጣ አላቸው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማሞቂያ በውጭ አገር ሞዴል ሠሪዎች ዘንድ የተወደደ ነው፤ በእኛ አገር ግን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕቃውን ስለሚከለክል ያ በር ዝግ ነው። ነጭ ጋዝ በጋለ ሽቦ ላይ የሚያንጠባጥብ ሰው ካዩ ራቅ ብለው ይቁሙ።

የሚቀሩት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ማሞቂያ ሽቦና ዘይት ነው። ትንሽ የብረት ዕቃ ውስጥ ንጹሕ የማዕድን ዘይት፣ ለምሳሌ ያለ ሌላ ቅልቅል የሆነ የሕፃናት ዘይት፣ ይጨመራል፤ እሳት የማይበላው የፋይበር ክር ዘይቱን ወደ ጋለው ሽቦ ይስባል፣ ትንሽ ማራገቢያ ይገፋዋል። ጭሱ እውነተኛ ነው፦ ይሞቃል፣ ስለዚህ ይወጣል፣ በአየር ላይ ይቆያል፣ ግራጫነትም አለው። ከ6 እስከ 12 ዋት ይበላል፤ ይህ ማለት የትንሿን ጀልባ ሞተር ያህል ነው። አደጋው ዘይቱ ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ሽቦው ግሎ ይቀላል። ብዙ ሞዴሎች የሚሠሩበት ፕላስቲክ በ100 ዲግሪ ገደማ ስለሚለሰልስ ጭስ ማውጫው ከቆርቆሮ መሆን አለበት፣ በዙሪያውም ክፍተት ይፈልጋል። ከሊትየም ባትሪው በተቻለ መጠን ይራቅ። ከጊዜ በኋላም ወለሉ ላይ ቀጭን የዘይት ሽፋን ይቀራል፤ አቧራ በላዩ ይለጠፋል። ይህን ዓይነት የምመክረው ከአንድ ሜትር ለሚበልጥ፣ በውስጡ እጅ ለሚያስገባ ጀልባ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ያው ማሞቂያ ሆኖ በዘይት ፋንታ የመድረክ ጭስ ፈሳሽ ወይም ግሊሰሪን በተጣራ ውኃ ቀጥኖ የሚጠቀም ነው። የሠርግ ዲኮር የሚሠሩ ሰዎች ሙሽሮችን በደመና የሚያስገቡበት የጭስ ማሽን ፈሳሹ ይገኛቸዋል፤ ግሊሰሪን ደግሞ በየመድኃኒት ቤቱ አለ። ጭሱ ነጭና ወፍራም ነው፣ የዘይት ሽታ የለውም፣ ወለል እንደ ዘይት አያቆሽሽም፣ እሳት የመያዝ ዕድሉም ከዘይት ያንሳል። ችግሩ ግሊሰሪን ከመጠን በላይ ሲግል ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ማውጣቱ ነው። ሽቦው ቀይ ሆኖ መታየት የለበትም፤ ቀይ ከሆነ ቮልቱ በዝቷል። ክፍል ውስጥ አይሞክሩት። ከሁለቱ ማሞቂያዎች ይህኛው ይሻለኛል።

ሦስተኛው ቀዝቃዛው ጉም ነው፤ ውኃን በድምፅ ሞገድ የሚበታትን ዲስክ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁለት በጣም የተለያዩ ዕቃዎች በአንድ ስም ስለሚሸጡ ነው። አንደኛው ውኃ ውስጥ የሚሰጥመው፣ በ1.7 ሜጋ ኸርዝ ገደማ የሚሠራው ባለ 24 ቮልት ዕቃ ነው። ብዙ ጉም ያወጣል፤ ግን 20 ዋት ያህል ስለሚበላ ከሞተሩ በላይ ባትሪ ይጨርሳል፣ ከ12 ቮልት ወደ 24 የሚያሳድግ ሰርኪዩትም ይፈልጋል። በላዩ ላይ የሁለትና የሦስት ሳንቲ ሜትር ውኃ መቆም አለበት። ጀልባዋ በማዕበል ስትወዛወዝ ውኃው ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ዲስኩ ይራቆታል፤ መከላከያ ያለው ይጠፋል፣ የሌለው ይቃጠላል። ለገበታ ጌጥ የተሠራ ነው፣ እዚያው ይቆይ።

ሌላው በትንንሾቹ የዩኤስቢ አየር ማርጠቢያዎች ውስጥ ያለው ነው፤ በመካከሉ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ያሉት ቀጭን የወንፊት ዲስክ። በ5 ቮልት 2 ዋት ብቻ ይበላል። ከጥጥ ዘንግ እየመጠጠ ስለሚሠራ የውኃው መወዛወዝ አያስቸግረውም። ለ76 ሳንቲ ሜትሯ ጀልባ ሁለት ዲስክ ጎን ለጎን ቢገጠም እንኳ ከማሞቂያው ያነሰ ይበላል። ድክመቱ ጉሙ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከመውጣት ይልቅ መውረድ መፈለጉ ነው፤ ማራገቢያ ካልገፋው በጭስ ማውጫው ከንፈር ላይ እንደ ፈላ ወተት ይፈስሳል። በበጋ ደረቅ ከሰዓት ላይ አንድ ስንዝር ሳይሄድ ይጠፋል፤ ክረምት ላይና ማለዳ ግን ይቆያል። የሐይቁን ውኃ በቀጥታ አይጨምሩበት፤ ደለሉ ቀዳዳዎቹን በአንድ ቀን ይደፍናቸዋል። የተጣራ ወይም የዝናብ ውኃ ይጠቀሙ። ግሊሰሪንም አይጨመርበትም፣ ለወንፊቱ ይወፍርበታል።

ለሕፃናት ወይም ለተማሪዎች ፕሮጀክት ከሆነ ከዚህ ከወንፊት ዲስኩ ሌላ አልመክርም፤ የሚያቃጥል ነገር የለውም።

በየትኛውም ምርጫ ማራገቢያው አየር በሚገባበት በኩል ይቀመጥ፤ ጭሱ በሚወጣበት ካስቀመጡት በውኃ ወይም በዘይት ይጨማለቃል። የውኃ ዕቃው ዝቅ ብሎ በቀፎው መሠረት ላይ ይሁን፣ ጭሱ በቱቦ ይውጣ፤ ከላይ የተሰቀለ ውኃ ጀልባዋን ይገለብጣል። የጭስ ማውጫውን ውስጡን ማት ጥቁር ቢቀቡት ነጩ ጭስ ይበልጥ ይታያል።

ሁለቱን ማገናኘት

የናፍጣ ጀልባ ስትነሳ ብዙ ታጨሳለች፣ ስትረጋጋ ይቀንሳል። ጭሱ ሁልጊዜ እኩል የሚወጣ ሞዴል የቡና ጀበና ይመስላል። ጭሱን ከሞተሩ ጋር ማዛመድ የሚቻለው በማራገቢያው ነው፤ ማሞቂያው ወይም ዲስኩ ሳይቋረጥ ይሠራል፣ ማራገቢያው ግን ከሞተሩ ጋር ይፈጥናል፣ ይዘገያል።

እዚህ ላይ ነው የሞተሩ ምርጫ የሚመለሰው። ብሩሽ ያለው ሞተር ከሆነ ከሁለቱ ሽቦዎቹ ላይ ወደ ማራገቢያው መቀጠል ይበቃል። ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ማራገቢያውም ተገልብጦ ጭሱን ወደ ውስጥ እንዳይስብ በመካከል አራት ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ያለው ብሪጅ ይገባል፤ 1.4 ቮልት ያህል ያስቀራል፣ አይጎዳም። ለዚህ የኮምፒውተር ማራገቢያ አይምረጡ፤ በውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ከመቆጣጠሪያው በሚመጣው የተቆራረጠ ቮልት ይደናገራል። ከመጫወቻ የወጣ ትንሽ ባለ ብሩሽ ሞተር ላይ የተገጠመ ምላስ ይሻላል። ብራሽለስ ከሆነ ግን ከሦስቱ ሽቦዎች በዚህ መንገድ መቀጠል አይቻልም። ለማራገቢያው ሌላ ትንሽ መቆጣጠሪያ ገዝቶ የሪሞቱን ትእዛዝ ጀልባዋ ውስጥ ከሚቀበለው ሪሲቨር ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ሽቦ መሳብ ያስፈልጋል። ተጨማሪ ዋጋ፣ ተጨማሪ ክብደት፣ ተጨማሪ የሚበላሽ ነገር።

መቼና የት

ጣና ማለዳ ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይከተላል። የጭስ ጀልባ የማለዳ ጀልባ ናት። ጭሱ ደማቅ ሰማይን ተደግፎ አይታይም፤ የዛፍ ጥላ ወይም የጨለመ ቄጤማ ከኋላ ሲኖር ይጎላል። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይህን ካወቀ ዝቅ ያለችውን ፀሐይ ከጀልባዋ በስተኋላ አድርጎ ይቆማል።

ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አካባቢ አይሂዱ። ውኃው እዚያ ይስባል፣ ጉማሬም አለ፤ ባትሪዋ ያለቀባትን ጀልባ ተከትሎ የሚገባ ሰው የሚመለስበት ዋስትና የለም። ሌላ ቦታም ቢሆን ታንኳ ቀዛፊ በአጠገብ ሲኖር ይልቀቁ፣ አስቀድመውም ሰላም ይበሉት። በሪሞት የሚሄድና የሚጨስ ነገር ከሩቅ ለሚያየው ሰው ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ በወደብ ወይም በሆቴል ዳር ከሆኑ ለጥበቃዎቹ አሳይተው፣ ጀልባዋን በእጃቸው አስይዘው ቢጀምሩ ሁሉም ይረጋጋል።

ሲመለሱ የጭሱን ዕቃ ያራግፉ፣ ወንፊቱን በተጣራ ውኃ ያንጠባጥቡበት፣ የሻፍቱን ቱቦ በግራሶ ይሙሉ፣ ባትሪውን ከቀፎው አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡ። የወለሉን ክዳንም ክፍት ይተዉት፤ ተዘግቶ ያደረ እርጥበት የሞተሩን ኩሽኔታ ያዝገዋል።